ወለሉ አልረጋ ብሎኝ

የመጀመሪያው ምልክት የመጣብኝ ሽንኩርት ስከትፍ ነው። ከኔፓል በተመለስኩ በዘጠነኛው ቀን። ወለሉ ወደ ግራ ሄደ፤ ከዚያ ተመለሰ። ቢላውን እንደያዝኩ ከሦስተኛ ፎቅ ወርጄ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ መሃል ቆምኩ። ማንም አልሮጠም። ልብስ የምታሰጣ ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ዘበኛው ግን ቢላውን አይቶ ትንሽ ራቅ አለ። አይፈረድበትም።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ በአፋር በኩል የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ እየተሰማ ስንቱን ከአልጋው ካስወረደ ወዲህ፣ መሬቱ ዝም ካለ በኋላም ወለሉ አልረጋ ላላቸው ሰዎች ነው። ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ታክሲ ውስጥም ለቅሶ ቤትም ስታወሩ እሰማለሁ። እኔ በዚህ ሕመም ዓመት ከመንፈቅ ተንገላትቻለሁ። ከዚያ ውስጥ ግማሹን ያራዘምኩት ራሴ ነኝ።

እኔና ፈትያ የሸማ ሥራ ባልደረቦች ነን። ሸማኔ የሠራውን እንገዛለን፣ እንሰፋለን፣ እንሸጣለን። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ክፍል ሁለት የስፌት ማሽን ይዘን ተቀምጠናል። ኔፓል የሄድነው ለእጅ ሥራ ሴቶች ልምድ ልውውጥ ተብሎ ነው። ለማሳያ ሁለት ሻንጣ ሙሉ ጋቢና ነጠላ ይዘናል። ተራራ ላይ ባለች መንደር፣ በድንጋይና በጭቃ በተሠራ የእንግዳ ማረፊያ አሳደሩን። ገደሉንም ድህነቱንም ስለማውቀው እንግድነት አልተሰማኝም።

ቅዳሜ ነበር። እኩለ ቀን ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። እኔ በሩ አጠገብ ጋቢ አጥፋለሁ። ፈትያ ከውስጥ፣ ባኞ ቤት፣ ለሶላት ውዱእ ታደርጋለች። መሬቱ ጮኸ። ግድግዳው ተወዛወዘ። ሮጥኩ። ስሟን አልጠራሁም። ዞር ብዬም አላየሁም። ሜዳው ላይ ወድቄ ቀና ስል ቤቱ የለም።

ማረፊያው ውስጥ ያደሩትና ያን ሰዓት ደጅ የነበሩት መንገደኞች፣ ተራራ ሊወጡ የመጡ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ድንጋዩን በእጃቸው መፈንቀል ጀመሩ። እኔም ገባሁበት። ፈትያን አወጣናት። የግራ ቅልጥሟ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ከዚያ በኋላ መንደሩን ጥለን እንሂድ ያለ የለም፤ መንገዱም ተንዶ ነበር። ሦስት ቀን ቆፈርን፣ ተሸከምን። መሬቱ በየመሃሉ እንደገና ይነቃነቃል። የውጭ አገር ሰዎቹ ቁስለኛ በገደል እንዴት እንደሚወርድ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ቃሬዛ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጋቢዎቹን በቀርከሃ ላይ አሰርን፣ ነጠላዎቹን ለፋሻ ቀደድን። የወራት ሥራችን እዚያ አለቀ። ለአንዱም አላዘንኩም።

አየር ጤና ቤቴ ስገባ የእድሩም የማኅበሩም ሰው «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ሊለኝ መጣ። በኛ አገር ከሞት አፍ የተረፈ ሰው ታሪኩን ሳያወራ ጠያቂ አይነሣም። አወራሁ። ስለ ቃሬዛው አወራሁ፣ ስለ ጋቢው አወራሁ። ስለ ሩጫዬ ዝም አልኩ። አንዱ «ጀግና ነሽ» ብሎኝ ከመውጣቱ ወለሉ ይወዛወዛል።

ፈትያ እግሯ በብረት ተይዞ ከእኔ በኋላ መጣች። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ እናቷ ቤት ተኛች። ከኛ ቤት በሁለት ታክሲ ይደረሳል። አንድ ቀን ብቻ፣ ከሰው ጋር ተደርቤ ሄድኩ። ለጠያቂዎቿ ሁሉ ወደ እኔ እያመለከተች «ያወጣችኝ የሺ ናት» ትላለች። ሻዩን ሳልጨርስ ባሌ ይጠብቀኛል ብዬ ተነሣሁ። አልተመለስኩም። ታክሲ ያዞረኛል እል ነበር። ያዞረኝም ነበር።

ሕክምናው እንዲህ ጀመረ። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ደሜን አይቶ ታይፎይድና ታይፈስ አለኝ። ለነገሩ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው አላውቅም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ወለሉ አልጨረሰም። ቀጥሎ ጨጓራ ተባልኩ። ከዚያ የጆሮ ሐኪም ቨርታይጎ፣ ከውስጥ ጆሮ የሚመጣ ማዞር፣ ነው ብሎ ቤታሂስቲን አዘዘልኝ። ኤምአርአይ ተነሣሁ። ንጹሕ።

እየባሰብኝ ሄደ። ወደ ቆሼ የሚያልፉት የቆሻሻ መኪናዎች መስኮቱን ሲያንቀጠቅጡ ደረጃው ላይ ነኝ። የስፌት ማሽኑን ሳስነሣ ጠረጴዛው ይነዝራል፤ በር ላይ ነኝ። ሥራ አቆምኩ። ባሌ ግርማ አልጋችንን ወደ በሩ አስጠጋልኝ። ቀጥሎ ደረጃው ላይ ልታስተኚኝ ነው ብሎ ቀለደ። ጫማዬን ሳላወልቅ እንደምተኛ ያወቀ ቀን ግን አልቀለደም።

የአእምሮ ሐኪም ጋ እንሂድ ያለው እሱ ነው። አበድኩ ወይ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። ከዚያ ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ ሄድን። ዶክተሯ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳትጽፍ ሰማችኝ።

«ጆሮዎ ጤነኛ ነው» አለችኝ። «ይህ ፖስት ትራውማቲክ ስትረስ ዲስኦርደር ይባላል። አደጋው አልፏል፤ ሰውነትዎ ግን ማለፉን ገና አላመነም። ይታከማል።»

ይታከማል የሚለውን ቃል ስሰማ ከታመምኩ አምስት ወር ሞልቶኝ ነበር። አለቀስኩ።

ሰርትራሊን የሚባል ክኒን አዘዘችልኝና በየሳምንቱ ለንግግር ሕክምና መመላለስ ጀመርኩ። ብርጭቆ በውሃ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥና ወለሉ ሲነቃነቅብኝ ከመሮጤ በፊት ውሃውን እንዳይ፣ ውሃው ከረጋ ደግሞ ልቤ ቢደልቅም ካለሁበት እንዳልነሣ መከረችኝ፤ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ መቆየት እንደ ተራራ ከበደኝ፣ ቆይቶ ግን የቆሻሻ መኪናው እስኪያልፍ ድረስ ወንበሬን ጨብጬ መቀመጥ ቻልኩ። ጠበልም እጠመቅ ነበር፤ የንስሐ አባቴ መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነውና እንዳላቋርጥ አስጠነቀቁኝ፣ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። በስምንተኛው ወር ጫማዬን አውልቄ ተኛሁ፤ ግርማ ጠዋት ጫማዎቹን አልጋው ሥር ሲያያቸው እንቁላል ጠብሶልኝ ወጣ።

እዚያ ላይ ግን መሻሉ ቆመ። አልወርድም፣ አልወጣም። ዶክተሯ ያን ቅዳሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋግሜ እንድተርክላት ታደርገኝ ነበር። አንድ ቀን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሁልጊዜ ከበሩ ቀጥታ ወደ ቁፋሮው ነው የሚሄዱት» አለችኝ። «በመሃል ምን ነበር?»

ነገርኳት። ሮጥኩ። አልጠራኋትም። ልክ ነዎትም፣ ጥፋተኛ ነዎትም አላለችኝ።

«ይህን መስማት ያለብኝ እኔ ብቻ ነኝ?» አለች።

በማግሥቱ ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ፈትያ ብረቱ ወጥቶላት ፍራሽ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ስታየኝ አልተነሣችም፤ መነሣትም አትችልም። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ጨርሼ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ስትሮጪ አይቼሻለሁ» አለችኝ። «የባኞ ቤቱ በር ክፍት ነበር።»

«ታዲያ ለሰው ሁሉ ለምን…»

«ያወጣሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ቀጥላ ሳታየኝ ተናገረች። «እዚያ ማን የማይሮጥ አለ፣ የሺ? ግድግዳው ባይቀድመኝ እኔም እሮጥ ነበር። እኔ የተቀየምኩሽ ኮልፌ ከገባን በኋላ በሮጥሽው ነው። ስምንት ወር ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ እየመሰልሽኝ ቀና እላለሁ።»

ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

«በይ ቁጭ በይ» አለች ኋላ። «ይህን ጉልበት እጠፊልኝ። በቀን ሦስት ጊዜ መታጠፍ አለበት ብለውኛል፣ እናቴ ደግሞ አቅም የላትም።»

በዚያን ቀን ዳንኩ ብል ውሸት ነው። ማሽን ላይ ለመቀመጥ ሌላ አራት ወር ፈጅቶብኛል፤ መጀመሪያ በእጅ እየሰፋሁ፣ ቆይቼ ማሽኑን ቀስ እያልኩ እየነዳሁ። ሰርትራሊኑን ያቆምኩት በራሴ ጊዜ ሳይሆን ዶክተሯ በጥቂት በጥቂቱ ስትቀንስልኝ ነው፤ እናንተም ተሻለኝ ብላችሁ አትጣሉት። ሕመሙ ከጆሮ ወይም ከደም ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ተመርመሩ፤ ምርመራው ንጹሕ ከሆነ የአእምሮ ሐኪም ለመሄድ እንደ እኔ ኩርፊያ አትጀምሩ። ውሃው በርግጥ ከተነቃነቀም የተመከረውን ጥንቃቄ ማድረግ ነው እንጂ ጀግንነት አያስፈልግም።

ዶክተሯን፣ ግርማን፣ ስማቸውን አጣርቼ እንኳ የማላውቃቸውን እነዚያን መንገደኞች አመሰግናለሁ። ፈትያን ማመስገን ይከብደኛል፤ ስጀምር ወሬ ትቀይራለች። ጉልበቷ ዛሬ ከሞላ ጎደል ይታጠፋል፣ ለሶላት ስትሰግድ ግን በወንበር ነው። በሕመማችሁ አሳብባችሁ የምትሸሹት ሰው ካለ እስክትድኑ አትጠብቁ፤ እያዞራችሁም ቢሆን ዛሬውኑ ሂዱ። እነዚያን ስምንት ወራት ለፈትያ የምመልስበት መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ።