ግድግዳው ላይ የኖረው ካርድ

የምሠራው ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ መንገደኞች በሚከተቡበት ክፍል ነው። ክፍሉ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ አንድ መጋረጃና ስምንት ወንበር አለው። ከመጋረጃው ጀርባ መርፌ የምወጋው እኔ ነኝ። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ደግሞ ቢጫውን ካርድ የሚሞሉትና መዝገቡን የሚይዙት ሰው ይቀመጣሉ። እውነተኛ ስማቸውን የሚጠራ የለም። ሐኪሙም፣ ጽዳቷም፣ ባለጉዳዩም «ጋሼ አስር ቀን» ነው የሚላቸው።

ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። የቢጫ ወባ ክትባት ወስዶ የሚወጣን ሰው ሁሉ ካርዱን ሳይለቁለት ቀና ብለው ያዩትና «አስር ቀን!» ይላሉ። «ዛሬ ተወጋሁ ብለህ ዛሬውኑ የተጠበቅህ እንዳይመስልህ። ሰውነትህ አስር ቀን ይፈልጋል። ካርዱም የሚሠራው ከዚያ ወዲያ ነው።» ሰውየው እሺ ብሎ ካርዱን ሲስብ አሁንም አይለቁትም። የዘወትር መድኃኒቱን ከነማሸጊያው በእጁ እንዲይዝ፣ አጎበር እንዳይረሳ፣ ያልታሸገ ውሃ እንዳይጠጣ፣ ተመልሶ ሲመጣ ትኩሳት ከያዘው የት እንደነበር ለሐኪም እንዲናገር ይመክሩታል። ወረፋው ይረዝማል፤ እኔ «ጋሼ፣ ኧረ ሰው ይግባ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ።

እውነቱን ልናገርና ብዙ ጊዜ ደሜን አፍልተውታል። በደረት ኪሳቸው ሦስት እስክሪብቶ አለ፣ ሦስቱም ጥቁር። ቀን ሲጽፉ ከሥሩ ማስመሪያ ያስቀምጣሉ፣ ቁጥሩ እንዳይዘም። ጽፈው ሲጨርሱ ቀለሙ እስኪደርቅ ካርዱን ያራግቡታል። ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው፣ ውጭ ደግሞ ሠላሳ ሰው ቆሟል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን በቀን ጉዳይ ላይ ያላቸው ድርቅና ነበር። ነገ በረራ አለኝ፣ ቀኑን ወደ ኋላ ጻፉልኝ የሚል ሰው በሳምንት አንዴ አይጠፋም። ይለምናቸዋል፣ ያለቅሳል፣ አንዳንዱም ይሰድባቸዋል። ፍንክች አይሉም። «ካርዱ አይታመምም፤ የምትታመመው አንተ ነህ» ብለው ትክክለኛውን ቀን ይጽፉለታል።

ከሰባት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት ሴት መጣች። እናቷ ሰው አገር ሄደው በጠና ታመዋል። ሦስት ቀን ጎደላት። የጠረጴዛቸውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ «ልጅ የለዎትም?» አለቻቸው። «አለችኝ» አሉና የዕለቱን ቀን ጻፉ። በኋላ ወንድሟ ሊከተብ መጥቶ እህቱ የደረሰችው እናታቸው በተቀበሩ ማግስት መሆኑን አጫወተኝ። ጋሼ ሰምተዋል። መዝገቡን ዘግተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ፣ ከቆይታ በኋላም ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። ያንን ነገር አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

እንግዲህ ካርዱን ላምጣው። ከጠረጴዛቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ክፈፍ የተሰቀለ ቢጫ ካርድ ነበር። በገዛ ስማቸው፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው የተሞላ። ካርዱ ምን እንደሚመስል ለሚጠይቅ ሰው በማስመሪያቸው እየጠቆሙ «እንደዚያ ነው የሚሆነው» ይሉታል። እኔ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ወደዚህ ክፍል ስመጣ ተሰቅሎ ነው ያገኘሁት።

ልጃቸው አንድ ናት። እናቷ የሞተችው እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ጋሼ ፀጉሯን ራሳቸው እያበጠሩ፣ ቀሚሷን ራሳቸው እየተኮሱ አሳደጓት። ለትምህርት ውጭ አገር ሄዳ እዚያው ሥራ ያዘች፤ ስድስት ዓመት ሆናት። ልታገባ ነው። ሠርጉ ቅዳሜ፣ የጋሼ በረራ አርብ ማታ፣ የሚደርሱት ቅዳሜ ጠዋት። «አባዬ፣ አንተ እጄን ይዘህ ካልወሰድከኝ ወደ አዳራሹ አልገባም» ብላቸዋለች። ግራጫ ሙሉ ልብስ አሰፍተው እዚሁ ክፍል ውስጥ ለብሰው አሳዩን። ጽዳቷ ዞር በሉ፣ ኋላውን ልየው እያለች ሁለቴ አዞረቻቸው።

ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ወንበር ላይ ወጥተው ካርዱን ከግድግዳ አወረዱት። «የልጄ አገር ያለዚህ አያስገባም። አንዴ የተወጋ ዕድሜ ልኩን ነው፤ የራሴን ይዤ ልሂድ እንጂ» አሉ። እኔ አቧራውን ልጥረግላቸው ብዬ ተቀበልኳቸው። የክትባቱ መለያ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ አራት ዜሮ ተደርድሯል። የነርሷ ፊርማ ባለበት ቦታ ያለውን ፊርማ ደግሞ በየቀኑ አየዋለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው የወጋዎት?»

«ካንቺ በፊት የነበረችዋ ናታ።»

«ፊርማው የርስዎ ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ወደ መደርደሪያው ሄደው የዚያን ዓመት መዝገብ አወጡ። በእሳቸው መዝገብ ውስጥ የሌለ ሰው አልተከተበም፤ ይሄን እኔም እሳቸውም እናውቃለን። እኔ ሰው እየወጋሁ በመጋረጃው ጥግ አያቸዋለሁ፤ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ገጹን ሁሉ ወረደ። መጨረሻ ላይ መዝገቡን ዘጉት።

«የለሁበትም» አሉ።

ያኔ ትዝ አላቸው። ክፍሉ በተከፈተ ሰሞን ለሰው የሚታይ ናሙና ስላልነበረ፣ አለቃቸው አንድ ካርድ ሙላና ስቀል አላቸው። በራሳቸው ስም ሞልተው ሰቀሉ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ከሥሩ ተቀምጠው «እንደዚያ ነው የሚሆነው» ሲሉ የተከተቡ መሰላቸው። አልሳቅኩም ብል ውሸቴን ነው። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አስር ቀን እያሉ የጮኹት ሰውዬ! ከዚያ በጣቴ ቀኑን ስቆጥር ሳቁ አፌ ላይ ቀረ። ዛሬ ቢወጉ ቅዳሜ ጠዋት ሲደርሱ ዘጠኝ ቀን ይሆናቸዋል።

በሩን ዘጋሁት። «ስሙኝ» አልኳቸው። «አንዱ ብልቃጥ ለአስር ሰው ነው፣ ከተከፈተ አያድርም። ትናንት የመጣው ስድስት ሰው ነው። የአራት ሰው ክትባት በእጄ ነው የደፋሁት። ከአራቱ አንዱ ክንድዎ ላይ ገብቷል ብለን እንጻፍ። እኔ እፈርማለሁ። ማንን ይጎዳል?»

ስናገር ቅንጣት አላፈርኩም፣ ልጃቸው ናት የታየችኝ። ጋሼ የትናንቱን ገጽ ገለጡ። ከስድስተኛው ስም በታች ባዶ መስመር አለ። እስክሪብቶ አወጡ፣ ማስመሪያውን አስቀመጡ። ሊጽፉ ነው ብዬ እፎይ አልኩ።

«ያቺ ልጅ ሦስት ቀን ነበር የጎደላት» አሉ።

የትኛዋ ብዬ አልጠየቅኩም።

«ለሷ የከለከልኩትን ለራሴ ልጽፍ? እጄ እሺ አይለኝም፣ እህቴ።»

ተነስተው ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ዕድሜዎ ስድሳን ሊነካ ነው ብሎ ደኅና አድርጎ መረመራቸውና ይወጉ አላቸው። ተመልሰው መጥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ስወጋቸው ከወንበሩ ብድግ አሉ። «እንዲህ ያማል እንዴ? እኔ እኮ ለሰው ሁሉ አያምም እያልኩ ነው የኖርኩት!» አሉኝ። እልኬ ሳይበርድልኝ «ደግ አደረገዎት» አልኳቸው።

በምሳ ሰዓት ለልጃቸው ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። በረራውን በአንድ ቀን ገፍተው እሁድ ጠዋት እንደሚደርሱ ነገሯት።

«አባዬ፣ አንድ ቀን እኮ ነው!»

«አዎ ልጄ፣ አንድ ቀን ነው።»

አለቀሰች። እሳቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ። አንጀቴን በሉት። ከዚያ ልጅቷ በለቅሶዋ መሃል መሳቅ ጀመረች። «ዋና ሄጄ ከትምህርት ቤት የቀረሁ ጊዜ ታማ ነበር ብለህ ጻፍልኝ ስልህ፣ ‹ልጄ ጤነኛ ነበረች› ብለህ የጻፍክ ሰው! ያኔም እንደዚሁ ነበርክ!» አለች። አፍንጫዋን ስታብስ ተሰማኝ። «በቃ፣ አንተን የሚተካ ሰው እጄን አይይዘኝም። ብቻዬን እገባለሁ» ብላ ዘጋች።

ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን እንሠራለን። ጋሼ ፈቃድ ላይ ናቸው፣ ግን ረፋድ ላይ ግራጫውን ልብስ ለብሰው ከች አሉ። በስልክ የሚተላለፈውን ሠርግ ቤት ብቻቸውን ማየት አልሆነላቸውም። ስልኩን መዝገቡ ላይ አስደግፈን ከፈትነው። ወረፋ የያዘው ሰው ጉዳዩን ሲሰማ ወንበሩን እየጎተተ ከበበን። ልጅቷ በአዳራሹ በር ብቻዋን ገባች። ግራ ክንዷን ከጎኗ ትንሽ አራቅ አድርጋ፣ የሚይዛት ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ቀስ ብላ ሄደች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ማስመሪያቸውን ጨብጠው ቆመዋል። በዚያች ደቂቃ በጣም ተናደድኩባቸው፣ በጣምም ወደድኳቸው።

ሲያልቅ ሁሉም አጨበጨበላቸው። ከተከተቡት አንዱ ካርዱን ይዞ እንኳን ደስ አለዎት ብሎ ሲያልፍ፣ ጋሼ በሻከረ ድምፅ «አስር ቀን!» አሉት። ሰውየውም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ማታውን ተሳፈሩ።

የቀረውን የሰማሁት ከልጃቸው ነው፣ እሁድ ደውላልኝ። ኤርፖርት ውስጥ ከመስታወቱ ግድግዳ ወዲህ ቆማ አባቷን ታያለች። የኤርፖርቱ ሠራተኛ ፓስፖርታቸውን አይቶ ማኅተም መታና እለፍ አላቸው። ካርዱን አልገለጠውም! ጋሼ አላለፉም። ካርዱን ከፍተው ፊቱ ዘረጉና ጣታቸውን ቀኑ ላይ አደረጉ። ሰውየው በእጁ እለፍ፣ እለፍ አላቸው። እሳቸው ድርቅ አሉ። ቋንቋ ስለሌላቸው አስር ጣታቸውን ዘርግተው አንድ በአንድ ያጥፉ ጀመር። ከኋላ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። «አባቴ ተያዘ ብዬ ልሞት ነበር!» አለችኝ። በመጨረሻ ሰውየው ካርዱን አነሳ፣ እሱም በጣቱ ቆጠረ፣ አስረኛው ጣት ላይ ሲደርስ ዛሬ መሆኑ ገባውና ሳቀ። ከመቀመጫው ተነስቶም ጨበጣቸው።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ወጣ። እኔ የሠርጉን ቀሚስ ለብሼ ነበር የጠበቅኩት። ሲያየኝ ሻንጣውን ለባሌ ሰጠውና ክንዱን ዘረጋልኝ። ሰው ሁሉ ጋሪውን እያቆመ አሳለፈን። እስከ መኪናው ድረስ እጄን ይዞ ወሰደኝ።»