ሠላሳ አምስት ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሰኞ ናትናኤል የሚባል ጊታር የሚመታ ወጣት ከደብረ ሲና ወርዶ፣ አምፕሊፋየሩን ከመናኸሪያ በባጃጅ ጭኖ ሱቄ መጣ። ሸዋ ሮቢት ላይ ቫልቭ ያለው አምፕሊፋየር የሚነካ እኔ ብቻ እንደቀረሁ ሰምቶ ነው። ቫልቭ ማለት ያ አምፖል የሚመስለው፣ ድምፅ የሚያጎላው የድሮ ብርጭቆ ነው። ከቦርሳው አንድ የሚያብረቀርቅ፣ ለልኬት ከቫልቭ ሥር የሚገባ አዳፕተር አውጥቶ "ጋሼ፣ ይኼን ያውቁታል?" አለኝ። አውቀዋለሁ ወይ? የዚህ አዳፕተር ታላቅ ወንድም አንድ ቀን ሙሉ አስሮ አውሎኛል።

ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ጋሽ ጌቱ ከሚባሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ እሠራ ነበር። ያኔ አዳፕተር የሚሸጥ የለም፤ በገዛ እጃችን ነው የምንሠራው። የሞተ ቫልቭ ብርጭቆውን ሰብረን፣ እግሮቹ ያሉበትን ታችኛውን ክፍል አስቀርተን፣ ከላዩ ሶኬት እናስርበታለን። ቫልቩ ስለሚቀመጥበት ጋሽ ጌቱ "በርጩማው" ይሉት ነበር። ከጎኑ በሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ላይ ቴስተር ስትይዝ፣ ቫልቩ ያለ ሥራ ተቀምጦ ምን ያህል ኮረንቲ እንደሚበላ ይነግርሃል። ባያስ የምንለው ይኼንን ነው። ሲያንስ ድምፁ ይሻክራል፣ ሲበዛ ቫልቩ ራሱን ይበላል። ያለ በርጩማው ግን የአምፕሊፋየሩን ሣጥን ገልብጦ አራት መቶ ቮልት መሃል እጅ መክተት ነው፤ እኔ ደግሞ ሞትን እፈራለሁ፣ ዛሬም እፈራለሁ።

መውሊድ ሲደርስ ከአንድ የቆላ መንደር፣ ሰው ለመንዙማና ለዱዓ ከሚሰበሰብበት የሐድራ ቤት፣ አምፕሊፋየር መጣልን። ሁለቱ ቫልቮች አንድ ሐጂ ከጅዳ ያመጧቸው ናቸው፤ መተኪያ የላቸውም። መንዙማውን የሚመሩት ሼህ እንድሪስ አርጅተው ድምፃቸው ሰልሏል፤ ያለ ድምፅ ማጉያ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም። ሕዝቡ ደግሞ ከየመንደሩ የሚመጣው እሳቸውን ሊሰማ ነው።

ጋሽ ጌቱ ሥራውን ለኔ ሰጡኝ። በርጩማውን ራሴ ሠራሁት። የቫልቭ እግር የሚቆጠረው ከታች እያዩ ነው፤ እኔ ሆዬ ከላይ እያየሁ ቆጠርኩ። ቀኙ ግራ ሆነ፤ ሽቦዬም ኮረንቲ የማያልፍበት እግር ላይ ዋለ። በረንዳው ላይ፣ በዚያ ዓይን በሚያጠፋ የቀትር ፀሐይ ቴስተሩን ያዝኩ። ዜሮ። የአምፕሊፋየሩን የባያስ ማስተካከያ በካቻቢቴ ጨመርኩ። አሁንም ዜሮ። እስከ ጫፉ አዞርኩት፤ ቴስተሩ ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ጌቱ ከውስጥ ማንጎ እየላጡ "ሰኢድ፣ ስንት አለ?" አሉኝ። ትክክለኛው ባያስ ሠላሳ አምስት እንደሆነ ጠዋት ነግረውኛል። ምንም አላለም ማለት አፈርኩ። አፌን ሞልቼ "ሠላሳ አምስት" አልኩ።

"ጎሽ፣ እንግዲያው ይዘህ ሂድ" አሉኝ።

ሽንኩርት ሊጭን በሚወርድ መኪና ላይ አቧራ እየቃምኩ ሄድኩ። የሐድራው ቤት በሰው ጢም ብሏል፤ ፀሐዩ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቶ ውስጡ ድንግዝግዝ ነው። ለባለሙያ ክብር ብለው ከሼህ እንድሪስ ጎን፣ አምፕሊፋየሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ጉልበት ከጉልበት ተገጣጥሟል፤ ዱዓ ሳይደረግ ማንም አይነሳም። ሼሁ ሲጀምሩ ድምፃቸው ውጪ እስካለው የማሾ ማሳ ደረሰ። ኮራሁ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግን በቫልቮቹ ሆድ ውስጥ ያለው ብረት እንደ ፍም ቀልቶ አየሁት፤ ባያሱን እስከ ጫፉ ስላዞርኩት ራሳቸውን እየበሉ ነው። በረንዳውም ላይ ቀልቶ ኖሯል፤ ፀሐዩ ነው የሸፈነብኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ከደቂቃ ደቂቃ ከበደ። ካቻቢቴው ኪሴ ውስጥ ነው፤ አጥፍቼ ባስተካክለው ቫልቮቹ ይተርፋሉ። ግን ሐድራ አስቁሜ ምን ልበል? ዋሽቼ ነው ልበል? በስተቀኜ አንድ ግዙፍ ገበሬ፣ በስተግራዬ ግድግዳ። ላብ አጠመቀኝ። ገበሬው "አይዞህ ልጄ፣ ሙቀቱ ነው" ብሎ ውሃ አቀበለኝ፤ ደግነቱ ይብስ አሳመመኝ። ይቺ መንዙማ ትለቅና ወላሂ እናገራለሁ እላለሁ፤ ታልቃለች፣ ሌላዋ ትጀመራለች፣ እኔም ዝም እላለሁ። በአራተኛዋ መሃል ጧ አለና የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ።

ሼህ እንድሪስ አላቋረጡም። ከኋላ ያለው ሰው አንገቱን አሰገገ፣ መዳፉን ከጆሮው ኋላ አደረገ፤ አልሰማም። አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ግን እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። እስከ ዱዓው ድረስ፣ ሳልነሳ፣ ያቺን ቀጭን ድምፅ ብቻዬን የሰረቅኳት እየመሰለኝ ዋልኩ። በሚቀጥለው መውሊድ ሼሁ በሕይወት አልነበሩም።

ስመለስ ለጋሽ ጌቱ ሁሉንም ነገርኳቸው። በርጩማውን ገልብጠው አዩና "ዜሮ ነው ብትለኝ እኮ ስህተቱን ወዲያው አሳይህ ነበር" አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት የናትናኤልን አዳፕተር ከቫልቩ ሥር ከተትኩና የሱቁን በር ገርበብ አደረግኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቫልቭ በፀሐይ አላይም። ቴስተሩን ለሱ ሰጠሁት።

"ስንት አለ?" አልኩት።

ልጁ ቴስተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ቴስተሩን አየ። "ጋሼ፣ ምንም አይልም" አለ ፈራ ተባ እያለ። "ምናልባት እኔ ይሆናል ያበላሸሁት።"

ምንም አላበላሸም፤ ቫልቩ ሞቶ ነው። ይኼንኑ ነግሬው ቫልቩን ነቀልኩ። ምንም አይልም። ሁለት ቃል ናት። ያኔ በረንዳው ላይ ብናገራት ኖሮ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ የነበረው ሕዝብ ሼህ እንድሪስን ለመጨረሻ ጊዜ ይሰማቸው ነበር።