ጀሚላ፣ የሐይቅ ዳሯ

ልጅ ሳለሁ በመቱ ከተማ ከምንም በላይ የምጠላት፣ ጀሚላ የምትባል አይቻት የማላውቅ ልጅ ነበረች።

አክስቴ እትዬ ዘነበች አልወለዱም፤ የሚያሳድጉኝ እሳቸው ስለነበሩ ልጃቸው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እርፍ ብዬ ነበር። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡ አይተውም፤ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለሱ ኩራዙን ለኩሰው፣ ፍሙ ላይ የበቆሎ እሸት እያገላበጡ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ተረት ያወሩልኛል። የጅቡንም የጦጣዋንም ይጨርሱና ፊታቸው በርቶ ወደዚያች ወደማልወዳት ይገባሉ።

በወጣትነታቸው ባሕር ማዶ ለፈረንጅ ቤተሰብ ሞግዚት ሆነው ተራራ የከበበው ሐይቅ ዳር ኖረው ነበር። «የተራራው አናት በረዶ ነው፤ ሐይቁ ዳር ግን ብርዱ እንደ ጎሬ ከተማ ነው፣ አይጨክንም» ይላሉ። «ሌላው ሁሉ በብርድ ሲኮማተር ጀሚላዬ ቀይዋን ለብሳ ብቅ! ኃይለኛ ፀሐይ አትወድም፣ ጥላ ሥር ነው የማኖራት። አመድማ ከነካት ታመመች ማለት ነው።»

እኔ ምድጃው ጥግ አመድ በአመድ ሆኜ እሰማለሁ። ምን ዓይነቷ ቅምጥል ናት! ቅናቱ ሲብስብኝ የደረሰኝን እሸት ወደ ፍሙ እመልሰዋለሁ።

«ታምራለች?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ኤዲያ! እሷን የመሰለ የት አለ?»

አኮረፍኩ፤ ልብም አላሉኝ።

ይባስ ብለው አንድ ቀን «ጀሚላ ልትመጣልኝ ነው» አሉ። እዚያ አገር አብራቸው የሠራች ጓደኛቸው አዲስ አበባ ይዛት ገብታለች፤ ቡና ሊጭን የሚመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ያደርሳታል። አለቀልኝ አልኩ። አልጋዬን ትወስድብኛለች ብዬ ተዘርግቼበት ዋልኩ። ሾፌሩ ከጋቢናው ያወረደው ግን አፈር የሞላበት የዘይት ቆርቆሮ ነበር፤ መሀሉ ላይ ቅጠሏ የሚያብለጨልጭ ችግኝ ቆማለች።

ባለሱቁ ጎረቤታችን ጋሼ ሸምሱ ብቅ ብለው አዩና ሳቃቸው መጣ። «ማሎ፣ ኧረ ባክዎ፣ እትዬ ዘነበች! ኢሉባቦር ቡና ጠፍቶ ነው ከአዲስ አበባ የሚያስጭኑት?»

«ቡና አይደለችም፣ አበባ ናት። ሐይቁ ዳር ካሳደግኳት ላይ ተቆርጣ የጸደቀች ናት። የፈረንጅ ስሟን አፌ አልይዝ ቢለኝ እኔ ነኝ ጀሚላ ያልኳት።»

ያፈርኩት ማፈር! ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። አክስቴ ግቢያችን ካለው ዋንዛ ጥላ ሥር ተከሏት፣ ከቡናው ጫካ ጥቁር አፈር አስመጡላት፤ ጠዋት ተነሥተው መጀመሪያ የሚያዩት እሷን ሆነ። አንድ ምሽት ደግሞ፣ «እዚያ አገር አማርኛ የሚሰማኝ ሰው ስላልነበረ ተረቱን ሁሉ ለእሷ ነበር የማወራው» ሲሉኝ ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የኔ ያልኩት ተረት ሁሉ ከኔ በፊት ለእሷ ተነግሯል!

«ምን ሆንሽ?»

እንደምቀናባት፣ እንደምጠላት አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ይስቃሉ ስል ፍሙን ቆሰቆሱ።

«አንቺ ሞኝ» አሉኝ በመጨረሻ። «ያን ሁሉ ዓመት ሳወራላት አንድ ቀን እንኳ ‹ከዚያስ?› ብላኝ አታውቅም።»

አክስቴ ዛሬ የሉም። ጀሚላ ግን ከቆርቆሮው ጣሪያ በልጣ አለች። ለልጆቼ ተረት ሳወራ መሀል ላይ ሆን ብዬ ዝም እላለሁ፣ «ከዚያስ?» እስኪሉኝ። አሁንም ቢሆን ግን በጀሚላ እቀናለሁ፤ አክስቴ ለእኔ ሳያወሩልኝ የቀሩትን ስንቱን ተረት ሰምታለች። አንዳንዴ አመሻሽ ላይ ሥሯ እቆምና «ከዚያስ?» እላታለሁ። አትመልስልኝም።