የአፀደ የቀጋ ጭማቂ

አፀደ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ታላቅ ወንድሟ መዝገቡ «ለአርበኞች ስንቅ ያቀብላል» ተብሎ ታሰረ። እሑድ እሑድ ምግብ ይዛለት ስትሄድ በእስር ቤቱ የሽቦ አጥር በኩል ያነጋግራት ነበር። አንድ እሑድ ፈገግ ሲልላት ጥርሱን ደም ሸፍኖት አየች።

«ማን መታህ?»

«ማንም አልነካኝም። ድዴ ነው የሚደማው። እግሬም በልዞ አላስቆም ብሎኛል።»

አጠገቡ የቆመው እስረኛ ቶለሳ ይባላል፤ ከመታሰሩ በፊት በሚሲዮን ሐኪም ቤት ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነበር። «ደረቅ ቂጣ ብቻ ስለምንበላ ነው» አላት። «ቪታሚን የሚሉት ነገር ጎድሎናል። ሎሚ ብታገኚለት ይድናል።»

«የቆላው መንገድ ተዘግቶ ሎሚ ከየት ይምጣ?»

«እንግዲያው ቀጋ ልቀሚ፤ ፍሬው እንደ ሎሚው ያድናል። ግን እንዳታፈዪው፣ እሳት ይገድለዋል። ብረት ድስትም አይንካው።»

ሸክላስ ቤቷ ሞልቷል። ወደ እንጦጦ ዳገት ወጥታ እሾሁ ክንዷን እየቧጨራት ቀይ ቀዩን ለቀመች። ፍሬውን ሰንጥቃ ዘሩንና ጉሮሮ የሚያሳክከውን ፀጉር አወጣች፤ ሥጋውን ወቅጣ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈች። ሲያድር በሻሽ አጥልላ ማር ጨመረችበትና በጠርሙስ ሞላችው።

የእስር ቤቱን በር የሚጠብቀው የጣሊያን አስካሪ ወታደር ጠርሙሱን አሸተተና «መርዝ እንዳይሆን፣ ቅመሺ!» አላት። ጠጣችለት። አሳለፋት።

መዝገቡ ለእስረኞቹ ሊያካፍል ቢሞክር ከቶለሳ በቀር የተቀበለው አልነበረም። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባል ነበርና። አቶ ብርሃኔ የሚባሉ ባላባት «ከዚያች እጅ ከምጠጣ ሞት ይሻለኛል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አፀደ ከአጥሩ ማዶ ሆና ሰማቻቸው።

እየዋለ እያደረ የመዝገቡ ድድ መድማቱን አቆመ፤ ግቢውን መዞርም ጀመረ። ይህን ያዩ ሁሉ ጣሳቸውን ዘረጉ፤ ጠርሙሱ በገንቦ ተተካ። በመጨረሻ አቶ ብርሃኔም ሰው ደግፏቸው ወደ አጥሩ መጡ። ጥርሳቸው ተነቃንቋል።

«ልጄ፣ የተረፈ አለሽ?»

አፀደ ቂም ይዛባቸው ነበር። ጣሳቸውን ማንሳት እንዳቃታቸው ስታይ ግን «አለ፣ አባቴ» ብላ ሞላችላቸው፤ ጣሳውንም በሽቦው መሃል ይዛ አጠጣቻቸው። ለእሳቸው ግን ጊዜው አልፎ ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ።

ጣሊያን ሲወጣ መዝገቡ ግማሹን ጥርሱን አጥቶ፣ ቢሆንም በእግሩ እየሄደ ቤቱ ገባ። ቶለሳ ጉለሌ ላይ ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፈተና አፀደን ጠራት።

«ጭማቂውን ሥሪልኝ፤ አቅም ላነሳቸው አራሶች እሸጣለሁ።»

«እሺ። ስሜ ግን ይጻፍበት።»

«ስምሽን ካየ ሰው አይገዛም ብዬ እፈራለሁ እኮ፣ አፀደ።»

«የማይገዛ ይተወው።»

«የቀጨኔዋ አፀደ ቀጋ» ብሎ ጻፈበት። ስሙን አንብበው የሚመልሱት ነበሩ። የሚወስዱት ግን በረከቱ፤ አፀደም እስክታረጅ ድረስ ቀጋው በደረሰ ቁጥር ዳገቱን ትወጣ ነበር።