ኮከብ የሚቀድመው ቃል

ልጅ ሳለሁ አንድ ተረት ከሁለት አፍ ሰምቼ አደግሁ። አንደኛው አፍ ወረታ ገበያ ዳር ጨርቅ ይሸጡ የነበሩት የአያቴ የአባባ ሰይድ ነበር። ሁለተኛው አንበሳሜ ተድረው እዚያው የኖሩት የታናሽ እህታቸው የእቴቴ ዘይነባ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሁለቱ አይነጋገሩም።

የተኳረፉት በእናታቸው ቀብር ነው። ቅድመ አያቴ የሞቱት በክረምት፣ መካከል ያለው የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባጥለቀለቀበት ሰሞን ነበርና እቴቴ መንገድ ላይ ቀሩ። በሃይማኖታችን ሟች አይቆይም፤ አባባ ቀበሩ። ውሃው ጎድሎ እቴቴ ሲደርሱ የጠበቃቸው አፈር ብቻ ሆነ። «ሳልሰናበታት አፈር አለበሳት» ብለው ተመለሱ፤ ወረታን ዳግመኛ አልረገጡም።

ያኔ ክረምት ሲገባ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኩራዝ ተለኩሶ፣ ለወባ ትንኝ የምናጤሰው ኩበት ደጃፉ ላይ ፍሙን አመድ አልብሶ ቀስ እያለ እየጨሰ፣ አባባ መደብ ላይ ጋደም ይሉና ከእናታቸው የሰሙትን ያወሩልን ነበር። ጥቁር ላም ነበረች፤ ጥጃዋ ከሞላ ወንዝ ማዶ ቀረባት፤ ውሃው እስኪጎድል ዳር ቆማ ጠበቀች። ላሟ ጥጃዋን የምትጣራበት ላይ ሲደርሱ ግን ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «እንዲያ ብላ ተጣራች» ብለው ያልፋሉ። «ምን ብላ አባባ?» ስላቸው የኩራዙን ክር ያስተካክላሉ።

አንድ ክረምት የእናቴ ታናሽ ወንድም ከድር ለእረፍት መጣ። ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ጥናት ይማር ነበር። ምን እንደሚማር ስጠይቀው ኩራዙ አጠገብ ተቀምጦ እንደ ተረት አወራልኝ።

«በሰሜን አሜሪካ፣ በስተ ምዕራብ፣ ሕዝቡ ዓሣ የሚያሰግርበት ትልቅ ወንዝ አለ። በዚያ አገር ኔዝ ፐርስና ሳሃፕቲን የሚባሉ እህትማማች ቋንቋዎች አሉ። ቤተሰቡ ሳሃፕቲያን ይባላል። ሁለቱ የተወለዱባት እናት ቋንቋ ግን ሳትጻፍ ጠፍታለች።»

«ታዲያ እንዴት አወቋት?»

«ልጆቿን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቃሉን ከቃል፣ ድምፁን ከድምፅ እያስተያዩ። ሁለቱም ዘንድ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከእናት የወረደ ነው። አንዷ የረሳችውን ደግሞ ሌላዋ ይዛው ትገኛለች። እንዲህ እያሉ የእናትየዋን ቃል ይደርሱበታል። ማንም በጆሮው ስላልሰማው ግን ሲጽፉት ከፊቱ የኮከብ ምልክት ያደርጉበታል። ‹እንዲህ ትል ነበር ብለን እናስባለን› ማለት ነው።»

ዛሬ ቋንቋዎቹን አጥርተው የሚናገሩት ጥቂት አዛውንቶች እንደሆኑ፣ ልጆቻቸውን ለማስተማርም እንደሚደክሙ ነገረኝ። እኔ ግን ልቤ ላሟ ዘንድ ሄዶ ነበር።

በአረፋ በዓል እናቴ እንደ ልማዷ አንበሳሜ ይዛኝ ስትሄድ፣ እቴቴን ተረቱን እንዲያወሩልኝ ለመንኳቸው። የእሳቸው ላም ቀይ ናት፤ አትጠብቅም፣ ትዋኛለች። መጣሪያው ላይ ሲደርሱ ትንፋሼን ይዤ፣ «ምን ብላ ተጣራች?» አልኩ።

እቴቴ ምንም ሳይቸገሩ፣ እንደ እሹሩሩ ባለ ዜማ አሉት፦ «እምቧ ልጄ፣ ውሃው ይጎድላል፣ ግቴ አይነጥፍም።»

ወረታ እንደተመለስን ቃሉን በነዜማው ለአባባ አልኩላቸው። የሚያጥፉት ጨርቅ ከእጃቸው ወደቀ።

«ማን ነገረሽ?»

«እቴቴ።»

ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። «እናቴ ናት» አሉ ከውስጥ ሆነው። «ድምጿ ጠፍቶብኝ ነበር።»

በማግስቱ ሱቁን ዘግተው እኔን አስከትለው ሚኒባስ ተሳፈሩ። እቴቴ በራቸው ላይ ቆመው አዩን።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ዘይነባ።»

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ እቴቴ። «ምን እግር ጣለዎት?»

«አንቺ ዘንድ የቀረ የእናታችን ቃል አለ። ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው።»

እቴቴ መቃኑን ያዙ። «እርስዎም ዘንድ የቀረ አለ። ስትሞት ምን አለች? ይህን ሁሉ ዘመን የነገረኝ የለም።»

አባባ ጠጋ አሉ። «‹ዘይነባ መጣች?› አለች። ‹መንገድ ላይ ናት› አልኳት። ‹እንግዲያ መጥታለች› ብላ ዓይኗን ከደነች።»

እቴቴ ጮኸው አለቀሱ። ከዚያ የወንድማቸውን እጅ ይዘው ወደ ቤት አስገቡ። ያን ምሽት ተረቱን እየተቀባበሉ አወሩት፤ ላሟ ጥቁር ናት ቀይ ናት፣ ጠበቀች ዋኘች እያሉ እንደ ልጅ ተከራከሩ፣ ሳይስማሙም ሳቁ። መጣሪያው ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ባንድ ድምፅ አሉት። እስከ ዕለተ ሞታቸው ተጠያይቀው ኖሩ።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ቅድመ አያቴን በዓይኔ አላየኋቸውም፤ ነገር ግን ያን ምሽት በልጆቻቸው አፍ ሲናገሩ እንደሰማኋቸው አምናለሁ። ሁለት አፍ አስተያይቶ የጠፋ ድምፅ መስማትን ያገኘሁት ከድር ካወራልኝ፣ ስማቸውን እንኳ በቅጡ መጥራት ከማልችላቸው ሕዝቦች ነው። ወንዛቸውን አላየሁትም፤ ምናልባትም አላየውም። ልጆቻቸው በእናቶቻቸው ቋንቋ መናገር ጀመሩ የሚል ወሬ ስሰማ ግን፣ የቅርብ ዘመድ ከሕመሙ ዳነ የተባልኩ ያህል «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ።