የመጨረሻዋ አሥር ደቂቃ

ሮተርዳም ውስጥ አዘዘ ከተማ የሚባለውን ሰው የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ፊልም አይወድም። እኔ ፊልም እወዳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞርኩ አረጋውያን ስንከባከብ፣ ጀርባ ሳጥብና መድኃኒት ሳስውጥ እሰነብትና ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ እገባለሁ። ምን ማየት እንዳለብኝ የሚነግረኝ አዘዘ ነበር።

አዘዘ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ሻርሎይስ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል፤ መሀል ከተማ አንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ በጽዳት ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቷል። ቁመቱ ረጅም ነው፣ ወሬው ከቁመቱ ይረዝማል። ፊልም ሲመክር እጅ ይዞ ነው፤ ተቀብለሽ ካልጨረስሽ አይለቅም። ጡረታ በሚወጣበት ቀን ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ደጃፋቸው ያደረሰውን የአውቶቡስ ሾፌር ፊልም ያሳየኝ እሱ ነው። ከሁሉ አብልጬ የምወደውንም፣ የሞተ ባሏን የእጅ ሰዓት በየማለዳው የምትሞላውን ሴት ታሪክ፣ የነገረኝ እሱ ነው። ያን አይቼ እስከ ቤቴ በትራም እያለቀስኩ ሄድኩና ለእህቴ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። በምን እንደተኳረፍን እንኳ ሁለታችንም ረስተነው ነበር።

አንድ ነገሩ ብቻ ይገርመን ነበር። ሌላ ሰው ፊልም ሲያወራ መጨረሻውን ይደብቃል። አዘዘ መጨረሻውን አንዲት ሳያስቀር ይተርክና መጀመሪያውን ይደብቃል። "መጀመሪያውን ራሳችሁ ድረሱበት" ይላል። እኛም ይህን ከጥበብ ቆጠርንለት።

በወር አንዴ የምንሰበሰብበት የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። ቀኑ ማክሰኞም ይዋል ሐሙስ፣ እኛ ሥራ ስላለብን እሑድ እናደርገዋለን። ሰብሳቢያችን፣ በወጉ ሙሴ የምንላቸው፣ አቶ ማንደፍሮ ናቸው፤ ጸሐፊዋ እኔ፣ የትነበርሽ፣ ነኝ። አርፍዶ የመጣ ይፈረድበታል፣ ቀርቶ ያላሳወቀም እንዲሁ፤ የተፈረደበት የሁሉንም ሳህን ያጥባል። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ አብረን እንዝናናለን። ስድስት ዓመት በተከታታይ የቱሊፕ ማሳ ሄደናል። አበባው ያምራል፤ ግን ስድስት ዓመት።

ዘንድሮ አዘዘ ተነሥቶ ፊልም እንይ አለ። ለምን እንደተነሣ ሁላችንም እናውቃለን። ከአራት ወር በፊት ሐምራዊት የምትባል ሴት ማኅበሩን ተቀላቅላለች። ከዴንሃግ ነው የምትመጣው፣ ዜናው ዘ ሄግ ከሚላት ከተማ፤ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር ካለ ሆቴል ቁርስ ታዘጋጃለች። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከባሏ ከተለያየች አሥር ዓመት አልፏታል፣ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል። እሷ ከመጣች ወዲህ አዘዘ ሸሚዙን መተኮስ ጀመረ፣ የሚመክረውም ፊልም ሁሉ የፍቅር ሆነ። ወዷታል። ለማንም አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም።

የመረጠልንን ፊልም ቆሞ ተረከልን። ባሕር ዳር ረጅም ገበታ ተዘርግቶ፣ ለዓመታት የተለያዩ እናትና ልጅ ተቃቅፈው፣ ሽማግሌ ቄስ ቆመው ሲመርቁ አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል አለ። በዕድሜ ትልቋ አባላችን እማማ ተሻለች ገና ሲሰሙት እንባቸውን ጠረጉ። ሐምራዊት "እኔ እመጣለሁ" አለች። አዘዘ ከዚያ ወዲያ የተባለውን የሰማ አይመስለኝም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ባለ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ወጥተን፣ ገሚሳችን ነጠላችንን እንዳደረግን፣ ሃያ ሁለት ሆነን አዘዘ የሚሠራበት ሲኒማ ቤት ሄድን። በሩ ላይ በተሰቀለው የፊልሙ ማስታወቂያ ጥግ ላይ አራት ባዶ እግሮች የተሣሉበት ትንሽ ምልክት ነበረች። እማማ ተሻለች ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አቶ ማንደፍሮ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና፣ ቄስ ያለበት ፊልም ስለሆነ የሕፅበተ እግር ሥርዓት ይኖረው ይሆናል አሉ። አመንን። ያችን ምልክት እዚህ አገር የስምንት ዓመት ልጅ ያውቃታል። የእማማ ተሻለች የልጅ ልጅ ቢታንያ አጠገባችን ብትሆን ትነግረን ነበር፤ እሷ ግን መኪናዋን የምታቆምበት ፍለጋ ትዞራለች።

መብራቱ ጠፋ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እግሮቹ የማን እንደሆኑ አልጋ ላይ አየን። ከእግሮቹ በላይ ያለውንም አየን። እማማ ተሻለች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፤ ነጠላ ደግሞ ስስ ነው። አቶ ማንደፍሮ ሊወጡ ተነሡ፤ በቀኝም በግራም አሥር አሥር ሰው ተቀምጧል፤ ከኋላ ያሉት ፈረንጆች ጋረዱን ሲሉ ተመልሰው ተቀመጡ። ቢታንያ ደርሳ አያቷ ጎን ተሸጎጠችና፣ "ኦማ፣ አንቺ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ሲያልፍ እነግርሻለሁ" አለቻቸው። አላለፈም። ያለፈ ሲመስል በሌላ ክፍል ይጀምራል። እኔ ሳቄን ለማፈን የቦርሳዬን ማንገቻ ነክሼ ነበር፣ የጥርሴ ምልክት ዛሬም አለ።

እዚህ አገር ብዙ ሲኒማ ቤት ፊልሙን መሀል ላይ አቋርጦ ፓውዘ የሚሉትን እረፍት ይሰጣል፤ እግዜር ይስጣቸው። መብራቱ ሲበራ ሃያ ሁለታችንም ወደ በሩ ተግተለተልን። አዘዘ ቀድሞ በሩ ላይ ቆመና፣ ቆዩ፣ መጨረሻውን ሳታዩ አትሂዱ፣ ፊልሙ መጨረሻው ነው እያለ ለመነን።

አቶ ማንደፍሮ ፊቱ ቆሙ። "አዘዘ፣ አንተ መጀመሪያውን አይተኸዋል?"

አዘዘ ሐምራዊትን አየ፣ ከዚያ ምንጣፉን አየ። "አላየሁም። የዚህን ብቻ አይደለም፣ የአንዱንም አላየሁም። ሥራችን አዳራሹ ሲለቀቅ ነው። መጥረጊያዬን ይዤ አሥር ደቂቃ ቀደም ብዬ እገባና ከኋላ እቆማለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያየሁት መጨረሻ መጨረሻውን ነው።"

 ይህን ስትሰማ ሐምራዊት ሳቀች። ግድግዳ ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አዘዘ በሠራተኞች በር ወጥቶ ሄደ።

ሁለት ሳምንት ስልክ አላነሣም። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አልወድም፤ ሻርሎይስ ሄጄ ደወሉን እስኪከፍት ድረስ ተጫንኩት። ሸሚዙ አልተተኮሰም። ተቆጣሁት። አሥራ አንድ ዓመት ስንሰማህ አንድም መጥፎ ፊልም መክረኸን አታውቅም፣ ሳታየው እንዴት አወቅህ ብዬ አፋጠጥኩት። ፈንዲሻውን ነው የማየው አለኝ። ሰው ሲስቅ ፈንዲሻው ይበተናል፣ ሲደነግጥ ይደፋል፣ ሲያስብ ግን መብላቱን ይረሳና ዕቃው እንደ ሞላ ወንበሩ ሥር ይቀራል። መብራት በርቶ ሰዎቹ ካልተነሡ፣ መጥረጊያ እንደያዘ አስቁመው ካስጠበቁት፣ ያን ፊልም ለእኛ ይመርጣል። በዚያ እሑድ ያየነውንም የመረጠው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ሲያስለቅስ አይቶት ነበር፤ መጀመሪያው እንዲህ ይሆናል ብሎ በሕልሙም አላሰበም።

"እናንተ ብትስቁብኝ እችለዋለሁ፣ የትነበርሽ" አለኝ። "እሷ ናት የሳቀችው። እኔ በዚህ አገር ፊልም ያውቃል ከመባል በቀር ምን አለኝ?"

አሳዘነኝ። ሆኖም ማኅበር ማኅበር ነው፤ በሚቀጥለው ወር መጥቶ ፍርዱን መቀበል ነበረበት። መጣ። እማማ ተሻለች ሳህን ማጠብ አይበቃውም አሉ። አቶ ማንደፍሮ ጥቂት አሰቡና ፈረዱ፦ አንድ ፊልም ከመጀመሪያው ጀምሮ ቁጭ ብሎ አይቶ፣ መጥቶ ለማኅበሩ ሊተርክ። ቁጭ ማለቱን የሚያረጋግጥ ምስክር ያስፈልጋል ሲሉ እኔ እጄን ላወጣ ስል ሐምራዊት ቀደመችኝ። "እኔ እመሰክራለሁ" አለች። የአዘዘን ፊት ያየ ሰው ፍርድ የተቀበለ ነው አይልም።

የሥራ ባልደረቦቹ እንዳያዩት አምስተርዳም ሄዱ። እሷ ከዴንሃግ፣ እሱ ከሮተርዳም ተነሥተው ባቡር ጣቢያው ተገናኙ፤ ከጣቢያው ጀርባ በጀልባ ተሻግረው አምስተርዳም ኖርድ አንድ ሲኒማ ቤት ገቡ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ሐምራዊት ናት፤ እየሳቀች ስለሆነ ሦስት ጊዜ አስደግሜያታለሁ። ፊልሙን የመረጠችው እሷ ነበረች። አንዲት ሴት በተከራየችው ቤት ግድግዳ ላይ የማታውቀው ልጅ ቁመት በእርሳስ ዓመት በዓመት ተለክቶ ታገኛለች፤ መስመሩ ድንገት አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ልጁ የት ደረሰ ብላ ፍለጋ ትወጣለች። አዘዘ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሴትዮዋ የልጁን አባት በር ስታንኳኳ፣ ሐምራዊት ጆሮ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ "መጀመሪያ ላይ አይተዋወቁም እንዴ?" አላት። እሱ ሁልጊዜ የሚደርሰው ተቃቅፈው ሳለ ነው።

በፓውዘው ሻይ ይዘው ውሃው ዳር ወጡ። እዚያ ነው ለምን እንደሳቀችበት የጠየቃት። እሷም ነገረችው፦ "በአንተ አይደለም የሳቅሁት። አንድ ወንድ እውነቱን ተጠይቆ እውነቱን ሲመልስ ካየሁ ስንት ዓመቴ፤ ደስ ብሎኝ ነው።" አዘዘ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ አንሥቶ፣ መልሶ አስቀመጠው አለችኝ። ከዚያ ወሬ ያዙ። ስለ ልጆቿ፣ ስለ እሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለቱም መዋኘት ስለሚፈሩ። ጀልባው ስንቴ እንደተመላለሰ ማንም አልቆጠረም።

በማኅበሩ ቀን አዘዘ በተተኮሰ ሸሚዝ ተነሥቶ ቆመ። መጀመሪያውን ተረከልን። እንዲህ አድርጎ መጀመሪያ የተረከ ሰው አላየሁም፤ ቁልፉን ስትቀበል፣ መብራቱን ስትፈልግ፣ መስመሮቹን በጣቷ ስትዳስስ። እማማ ተሻለች ምግባቸውን ትተው አፉን ያያሉ። መሀል ላይ ደረሰና አቆመ።

አቶ ማንደፍሮ ጠየቁ። "መጨረሻውስ? ልጁን አገኘችው?"

አዘዘ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። አቶ ማንደፍሮ ወደ ምስክሯ ዞሩ። ሐምራዊት ጉሮሮዋን ጠረገች። "አላየነውም" አለች። "ወሬ ይዘን ስንመለስ ሰው እየወጣ ነበር፤ አዳራሹን እየጠረጉት ደረስን።"

እማማ ተሻለች እልልታቸውን ለቀቁት። እኔ ቃለ ጉባኤውን ትቼ አጨበጨብኩ። አቶ ማንደፍሮ ጸጥታ እስኪሆን ጠብቀው፣ ሳቃቸውን በመሀረብ ይዘው፣ ቅጣቱ ስላልተፈጸመ ሁለቱም አንድ ላይ ሄደው ፊልሙን እንደገና ከመጀመሪያው እንዲያዩ ወሰኑ። ይግባኝ የሚል ካለ አሁን ይናገር አሉ። ማንም አልተናገረም።