እናቴ በንጋት ቤት የማትገኝበት ሰሞን

ይህን ነገር መጻፍ ይገባ እንደሆነ ብዙ አመንትቻለሁ። እኔ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ትዝታ የሚጽፈው ዕድሜ የጠገበ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ላይ በሰፈራችን በሰባተኛ ከእኛ የባሰ ያየ ቤት ሞልቷል። ባለፈው ሳምንት ግን የዶርም ጓደኞቼ ለፈተና ሲያጠኑ አድረው ጎህ ሲቀድ መጡና በሩን አንኳኩ። ቁልፍ ረስተው ኖሯል። የብዙ ሰው ኮቴ ስሰማ ከአልጋዬ ወርጄ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ፤ መክፈት አቃተኝ።

"ምነው፣ ሌባ መሰልንሽ?" ብለው ሳቁብኝ። አብሬያቸው ሳቅሁ። እኛ ቤት በንጋት ስለሚንኳኳው በር ግን አልነገርኳቸውም።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ታላቅ ወንድሜ ወንዴ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን በጀልባ ለመሻገር ሄደ። ከዚያ ሳዑዲ ገብቶ እማዬን ከጭድ ተራ ሱቋ ሊያሳርፋት ነበር ሐሳቡ፤ እዚያ ሰፌድና የሰሌን ምንጣፍ ትሸጣለች። አብሮት የሄደው የጎረቤታችን የእትዬ ዘሀራ ልጅ በሌላ ጀልባ ተሳፍሮ ደረሰ። ደውሎም የወንዴ ጀልባ መገልበጧን፣ ከተረፉት መካከልም ወንዴ እንደሌለ ለእናቱ ነገራቸው። እትዬ ዘሀራ ደግሞ ለእድራችን ዳኛ ለጋሼ ተሰማ ነገሩ።

መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይነግሩታል። መንገድ ላይ ወይም ገበያ መሀል መርዶ መንገር ነውር ነው። እማዬ ይህን ታውቃለች። እትዬ ዘሀራ ዓይን ዓይኗን ማየት ሲሸሹ፣ ጎረቤቱም ድንገት ሲለሰልስባት፣ የሆነ ነገር ገባት መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በንጋት ቤት መገኘት ተወች።

ጨለማው ሳይገፈፍ ነጠላዋን ደርባ ትወጣለች። ተሸካሚዎቹ እንኳ ሳይመጡ ሱቋን ከፍታ ሰሌኑ መሀል ትቀመጣለች። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የሚያገኙት እኔን ነው።

"እናትሽስ?" አሉኝ አንድ ንጋት ጋሼ ተሰማ።

"ሱቅ ሄዳለች ጋሼ።"

"በዚህ ጨለማ ለጅብ ነው የምትሸጠው?" ቀልድ ይወዳሉ፤ ያን ዕለት ግን ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም። "ነገ እንዳትወጣ አድርጊ፣ ልጄ።"

"እንዴት አድርጌ?"

ሽማግሌዎቹን አስከትለው ተመለሱ። ቀን በሱቋ በር ሲያልፉ "እንዴት ዋልሽ" ከማለት ሌላ ቃል መተንፈስ አይችሉም። እሷም "እግዚአብሔር ይመስገን፤ ምንጣፍ ላውጣልዎት?" ትላቸዋለች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን መርዶውን እስካልተረዳች ድረስ ወንዴ በሕይወት አለ። ማታ ማታ ከሽሮው የእሱን ድርሻ በሳህን ከድና ታስቀምጥለታለች። ጠዋት የቀዘቀዘውን የምበላው እኔ ነበርኩ።

ሰኔ ሲገባ አንድ ሙዚየም ስለ ታይታኒክ መስመጥ ትርኢት ከፍቶ፣ ትምህርት ቤታችን ሊወስደን ሆነ። ወላጅ ይዞ መምጣት ይቻላል ተባለ። እንደማትመጣ እያወቅሁ ነገርኳት።

"የመርከብ ነው ያልሽው?" አለች።

ቅዳሜ፣ ገበያው በሚደራበት ቀን፣ ሱቋን ዘግታ ተከተለችኝ። ሲያካፋ ነበር። ታክሲያችን ጎጃም በረንዳ ላይ በጋሪዎች ተዘግቶ ሲቆም የእርጥብ ጆንያና የቅመም ሽታ በመስኮቱ ገባ።

አዳራሹ ጨለም ያለ ነው። መስታወት ውስጥ ትንሽ ተደርጋ የተሠራች መርከብ፣ ሳህንና ማንኪያ የተደረደረበት ጠረጴዛ ነበር። ጥግ ላይ ጎብኚው እየነካ የባሕሩን ቅዝቃዜ እንዲያውቅ በረዶ የተጋገረበት ግድግዳ አለ። ተማሪው ነክቶ እየሳቀ ይሸሻል። እማዬ መዳፏን እንደለጠፈች ቀረች።

"እትዬ፣ ካልገዙት ይልቀቁልን እንጂ" አለ ከኋላ አንድ የክፍሌ ልጅ።

እማዬ አልዞረችም። አስጎብኚዋን፣ "እዚህ ውኃ ውስጥ ሰው ምን ያህል ይቆያል?" አለቻት።

"ብዙም አይቆይም እናቴ። አብዛኞቹን የገደላቸው ብርዱ ነው።"

"ሙቅ ባሕር ቢሆንስ?"

"የት ያለ?"

"ጅቡቲ ማዶ ያለው። ሙቅ ነው ይላሉ።"

አስጎብኚዋ ወደ እኔ አየች። ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "በሙቅ ውኃ ሻል ያለ ይቆያል።"

"ስንት ወር?"

ከኋላችን የነበረው ሳቅ ቆመ። አስጎብኚዋ የእማዬን እጅ ከበረዶው ላይ ቀስ ብላ አነሳችና በሁለት እጇ ያዘችው።

መውጫው ላይ የሟቾቹ ስም ግድግዳውን ሞልቶታል። እማዬ ቆመች። "የእነዚህ ሁሉ ሬሳ ተገኝቷል?"

"የብዙዎቹ አልተገኘም።"

"ታዲያ ለቅሶ ተቀመጡላቸው?"

"እሱን አላውቅም እናቴ። ግን ይኸው፣ ሰው እስከ ዛሬ ስማቸውን ያነባል።"

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ በበረዶው የቀላውን መዳፏን እያሸች፣ "ለወንዴ አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰለትም" አለችኝ። "የከለከልኩት እኔ ነኝ።"

በማግስቱ አልወጣችም። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አጣፍታ ወደ በሩ ዞራ ተቀመጠች። አጠገቧ ሆኜ ኮቴ አዳመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ግን ተስፋ ቆርጠው መምጣት ትተዋል። ወገግ ሲል "አይመጡም" ብላ ተነሳች። ተከተልኳት። ጭቃውን አቋርጣ የጋሼ ተሰማን በር አንኳኳች። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከፈቱ።

"ጋሼ፣ ወንዴ ሞቷል። ድንኳኑ ይውጣ።"

ለስንቱ ቤት መርዶ ያረዱ ሰውዬ ራሳቸው በንጋት ሲረዱ መቃኑን ይዘው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እማዬ የጮኸችው ያኔ ነው።

ዛሬ ሱቋን የምትከፍተው ፀሐይ ወጥቶ ነው። እኔ ግን በንጋት በር ሲንኳኳ መርዶ ይሁን፣ ወይስ ወንዴ ራሱ መጥቶ እንደሆነ፣ የትኛውን እንደምፈራ አላውቅም፤ ሬሳውን ያየ የለምና። በእድሩ ሥርዓት ነገሩ አልቋል። ድንኳኑ የፈረሰው ሰኔ ሰባት ቀን ነው።